ደወሉ ጮኾ ነበር ላሉት ሥራ አስኪያጅ፣ ጆሮዋ ከተከፈተው ሠራተኛ

ይድረስ ለማተሚያ ቤታችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይ ለጉሮሮዎ ደኅንነትን እመኛለሁ፤ እኔ እንድሰማ ሲሉ ስንት ዘመን ጮኸውበታልና። የእኔን ጤና በተመለከተ፣ እርካብ የምትባለው የጆሮዬ ትንሽ አጥንት ደርቃ ኖሮ፣ ሐኪሙ በሰው ሠራሽ ተክቶልኝ ዛሬ ጎረቤት ቤት ማንኪያ ሲወድቅ እሰማለሁ። ይህን እስካሁን ስላልነገርኩዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ምክንያቴን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወረቀት ቆራጩ ባልደረባዬ የተቀረቀረ ወረቀት ለማውጣት እጁን ከማስገባቱ በፊት፣ ማሽኑን እንዳጠፋለት እኔ ዘንድ የሚጮኸውን ደወል ተጭኖ ነበር። ስለቱ ወርዶ ሁለት ጣቶቹን ወሰደ። እርስዎም በአጣሪዎቹ ፊት «ደወሉማ ጮኾ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ ደንቆሮ ናት» ብለው በሐዘን ራስዎን ነቀነቁ። ስለ አዘኔታዎ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ግን፣ የእኔ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ከጸጥታ ይልቅ በጫጫታ መሀል የተሻለ ይሰማል። ማሽን ክፍል ውስጥ የሰው ጥሪ አምልጦኝ የማያውቀውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛ፣ እኔም አመንኩዎት። ይህን ያለ ቀልድ ልናገር። ባልደረባዬ በቀሩት ጣቶች ከሸሚዙ ቁልፍ ጋር ሲታገል ባየሁ ቁጥር ጆሮዬን ረገምኩት፤ እናቱን ሳይ አፍሬ መንገድ እቀይር ነበር። ቀዶ ሕክምና ፈርቼ የኖርኩ ሰው፣ ዳግመኛ ሰው እንዳላስጎዳ ብዬ አልጋው ላይ ወጣሁ።

ሦስተኛ፣ ከማሽኑ አንስተው ቢሮዎ ውስጥ ፋይል ደርዳሪ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጆሮዬ ላይ ጥጥ እንዳለ ከሕክምና ስመለስ፣ «ተሳካልሽ ወይ?» ብለው እንኳ ሳይጠይቁ ስልክዎን አንስተው ለቴክኒክ ኃላፊው እንዲህ አሉት፦ «ስብሰባ ላይ እየጮኸ አላስቀምጥ ቢለኝ የደወሉን ሽቦ ያስበጠስኩህ እኔ ነኝ፤ አንተ ብቻ ዝም በል። ነገሩ እንደሆነ ደንቆሮዋ ላይ ተላክኮ አልቋል።»

ከዚያ ወዲያ ጥጡን አላወጣሁትም። ቁስሉ ከዳነም በኋላ በየጠዋቱ አዲስ ጥጥ እየወተፍኩ ፋይልዎን ስደረድር ሰነበትኩ፤ እርስዎም ሳይሰስቱ አወሩ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ? አንድም ቃልዎ መሬት አልወደቀም። የቴክኒክ ኃላፊው የራሱን ድርሻ ቃል በቃል ስደግምለት ላብ አጠመቀው፤ ነገ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ሁሉንም በራሱ አንደበት ለአጣሪዎቹ ሊናገር ተስማምቷል።

ግድግዳ መስዬዎት ለኖርኩባቸው ወራት ሁሉ ውለታዎን የማልረሳ፣

ታዛዥ ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦ ለማሽን ክፍል ማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እርስዎ መላጣዎን እንኳ በባርኔጣ ሸፍነውታል። ነገ ቃልዎን ሲሰጡ ታዲያ ስለ እኔ ብለው አይጩኹ፤ ቆራጩ ከጎኔ ስለሚቀመጥ፣ ቢያንሾካሹኩም ለሁለታችን ይሰማናል።