ከደረጃው ግድግዳ ላይ ስለተነቀለችው ላስቲክ

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃዎች አስተዳደር ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ አቤቱታ መዝገብዎ ያልተነካ ይሁን እያልኩ፣ የአራተኛ ፎቅ ተከራይና የቤተ ሙከራ ሠራተኛ የሆንኩት እኔ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በደረጃው ግድግዳ ላይ ስላለው ስንጥቅ ሦስት ጊዜ ብናመለክት «የተሰነጠቀው ቀለሙ ነው» ብለው ስላረጋጉን። እኔ ግን ተጠራጣሪ ነኝና፣ በሥራ ቦታዬ የምንሠራትን ላስቲክ ስንጥቁን አሻግሬ ለጠፍኩበት። ላስቲኳ ግራፊን የተቀባች ናት፤ ይኸውም በእርሳስ እምብርት ካለው ጥቁር ነገር የሚላጥ፣ እጅግ የሳሳ የካርቦን ንጣፍ ነው። ላስቲኳ የፀጉር ያህል እንኳ ስትሳብ ኤሌክትሪኩ ማለፍ ይቸግረዋል፤ የተሰካችባት መሣሪያም ያንን ችግር በቁጥር ትናገራለች።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ በየቀኑ እየጨመረ መሆኑን በጽሑፍ ባሳውቅዎ፣ ላስቲኳን «ያልተፈቀደ ማስታወቂያ» ብለው በጥበቃው ስላስነቀሉልን፣ ስንጥቁንም ቢጫ ቀለም ስላስቀቡልን። ጥበቃው እያፈረ በሬን አንኳኩቶ «ታዝዤ ነው እንጂ እህቴ፣ እኔም ልጆቼን ይዤ ከዚሁ ደረጃ ሥር ነው የምኖረው» አለኝና ላስቲኳን መለሰልኝ። ስንጥቁ በሚያልፍበት ከመብራት ቆጣሪው ሳጥን ጀርባ፣ ዓይንዎ በማይደርስበት፣ አብረን መልሰን ለጠፍናት። ቁጥሩን በየሰዓቱ የሚያየው እሱ ሆነ።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ቁጥሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሳምንቱን ያህል ዘለለ። ጥበቃው በየበሩ እየደበደበ «ውጡ፣ ጫማም አትፈልጉ» ሲል፣ እኔ የሦስተኛ ፎቋን አራስ ደግፌ፣ እናቷ ሕፃኑን ታቅፈው ወረድን። በየእርከኑ እግራችን ሥር አሸዋ ይንኮሻኮሽ ነበር። እናትየው መነጽሬን ረሳሁ ብለው ሊመለሱ ሲሉ ጥበቃው ክንዳቸውን ይዞ «እማማ፣ የሚነበብ ካለ እኔ አነብልዎታለሁ» አላቸው። ግቢውን እንዳቋረጥን ደረጃው ከነግድግዳው ተናደ። አቧራው እስኪገለጥ ጠበቅን። ከዚያ ተቆጠርን፤ የጎደለ የለም።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ «መሥሪያ ቤታችን ባደረገው ያልተቋረጠ ክትትል የሰው ሕይወት ተርፏል» የሚል መግለጫ ስላወጡ። ክትትሉን በዓይናችን ለማየት አልታደልንም። ጥበቃው ግን ድርሻው ደርሶታል፤ «ትእዛዝ በመተላለፍ» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ።

እጅ ነሥቼ፣ የትኛውንም ግድግዳዎን ሳልደገፍ፣

አክባሪዎ፣ የቀድሞዋ የአራተኛ ፎቅ ተከራይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ፣ ከጸሐፊዎ ወንበር ጀርባ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከሥሩ ያለውን ስንጥቅ በሙሉ እንደማይሸፍነው አስተዋልኩ። እርስዎን ላስቸግር አልፈለግሁም፤ እሷን ግን ወንበሯን እንድታዛውር ነግሬያታለሁ።