ወባ የያዛት መኪና

ታኅሣሥ 9 ቀን 1972፣ ናዝሬት

ግለሂሴን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ትናንት ቀትር ላይ አባዬ የሚነዳትን የመንግሥት እርሻ መኪና የፊት ጎማ አስተነፈስኩ። ፉጨቱ ደስ ስላለኝ ብቻ ነው።

ዛሬ በማለዳው ብርድ አባዬ ሲነዳት መሪው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ምርመራቸውን ወዲያው ጨረሱ፦ «ወባ ነው! ጠዋት ጠዋት የሚያንቀጠቅጥ ሌላ ምን አለ?» ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩት። አባዬ ግን ቆቃ ደርሶ ሲመለስ፣ «ጎማው ሲሞቅ መንቀጥቀጡን ትንሽ ይተወዋል። ንፋሱ ጎድሏል» አለ። «ብርድ ብቻውን ይህን ያህል አያጎድለውም፤ የነካው ሰው አለ።»

ይህን የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ ሰሙ። ጎማውን እንደ በዓል ሙክት ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «አሻጥር ነው!» አሉ። «መኪናዋ በማን ኃላፊነት ናት?»

«በኔ» አለ አባዬ።

ሳቄ እዚያው ደረቀ። ባለፈው ወር በአሻጥር ተብሎ የተወሰደው የእማማ ብርቄ ልጅ እስካሁን አልተመለሰም። አባዬ ነገ ጠዋት ቀበሌ ይቀርባል። እኔ ነኝ ልበል ብዬ ተነሳሁ፤ ተመልሼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። የጎማው የንፋስ መሙያ ክዳን አሁንም እርሳሴ የላይኛው ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ተሰክቷል። የምጽፈውም በዚሁ እርሳስ ነው።

አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። የሚያየው እርሳሴን ነው።

«ሰናይት!» አለኝ።