የቅርንጫፉ ሁለት ማዳበሪያ ፋይል

ለምወድሽ እህቴ ለሀፊዛ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ማዳምሽስ እንቅልፍ ትሰጥሻለች ወይስ እንደ ድሮዋ ናት? እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ስልክ ላይ የማይነገር ነገር ስለገጠመኝ ነው ወደ ጅዳ በምትመለሰው በሲቲ እጅ ይህን የላክሁልሽ።

በዘበኝነት የምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ መዘረፉን ሰምተሻል። ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ገንዘቡን አስጭኖ ከሠራተኞቹ ጋር ወጣ። እኔን «ሙነወር፣ በሩን አደራ» ብሎኝ ሄደ። እማማ በእግሯ መሄድ ስለማትችል እኔም ቀረሁ። ታጣቂው ከፊት፣ የእኛው ሰው ከኋላ ሆኖ በሩን ሰብሮ ገባ። ኮምፒውተሩም ወንበሩም ሄደ፤ ያንን ለማስቆም ምን አቅም ነበረኝ? የደንበኞቹ ፋይል ግን፣ ያ ሁሉ ፎቶና የጣት አሻራ፣ መንገድ ላይ ተበትኖ የሻይ እሳት ማንደጃ ሲሆን አላስችል አለኝ። የተረፈውን ለቃቅሜ በሁለት ማዳበሪያ ከተትኩት፤ ጭድ አልብሼ በአህያ አርዲቦ አደረስኩትና በአክስታችን በረቢያ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ደበቅሁት።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ መርማሪዎች መጡ። «ሰው ሁሉ ሲሸሽ አንተ ለምን ቀረህ?» አሉኝ። ባልደረባዬ ማህዲ መንገድ ላይ የተጣለ አንድ የባንኩን ወንበር አንስቶ ቤቱ ስላስቀመጠ ታስሯል፤ እስካሁን አልተፈታም። ፈራሁ ሀፊዛ። ከባንኩ የወጣ፣ አንተ ዘንድ ያለ ነገር አለ ወይ ሲሉኝ «ሁሉም ተቃጥሏል» አልኩ። ያንኑ ጽፈው አስፈረሙኝ።

ሽንኩርት ትሸጥ የነበረችውን ጎረቤታችንን መስኡዳን አልረሳሻትም መቼም። ቤቷ ከነባንክ ደብተሯና ከነመታወቂያዋ ነደደ። የቀበሌው መዝገብም አልተረፈ። ያጠራቀመችውን ገንዘብ ልታወጣ ደሴ ወዳለው ቅርንጫፍ ብትሄድ፣ ሐይቅ የነበረው ፋይልሽ ካልተገኘ አንቺነትሽን በምን እናውቃለን አሏት። የልጇ የሀኒያ እግር ውስጥ ፍንጣሪ አለ፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። ሐኪሞቹ ቶሎ አዲስ አበባ ውሰጃት ብለዋታል፤ በምን ትውሰዳት? በየጧቱ መጥታ ከተዘጋው በር ላይ አጠገቤ ትቀመጣለች። አንድ ቀን «ሙነወርዬ፣ የኔም ፎቶ ተቃጠለ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው ኖሮ! ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል፤ ሶላት ላይ እንኳ የሚመጣብኝ ፊቷ ነው።

ብዕር ያነሳሁት አንቺን ላማክር ነበር። መልስሽ እስኪመጣ ግን የልጅቷ እግር አይጠብቅም። ትናንት ማዳበሪያዎቹን አውጥቼ ቤት አመጣኋቸው። ምስጥ የበላው አለ፣ የመስኡዳ ግን ደህና ነው። ሰኞ ጧት እሷን አስከትዬ ደሴ ወስጄ አስረክባለሁ። ያኔ ለምን ዋሸህ ሲሉኝ ፈርቼ ነው ከማለት በቀር መልስ የለኝም። ሌላውስ ዕቃ የት ደረሰ ማለታቸውም አይቀርም። ይህ እጅሽ ሲገባ ምናልባት ከማህዲ ጋር ታስሬ ይሆናል። እማማን አደራ፤ ከአላህ በታች ያላት አንቺ ነሽ።

አብራሽ ለምትሠራው ለኢቲሳም ሰላም በይልኝ። አክስታችን ረቢያ፣ ጉድጓዴ ዘንድሮ እህል አጥቶ ወረቀት በላ እያለች ትቀልዳለች፤ ሰላም ብላሻለች። መስኡዳና ሀኒያም ሰላም ብለውሻል፤ ገና ምንም አያውቁም። እማማ ዱዓዋን ልካልሻለች። ያንቺም ፋይል ተገኝቷል። ልትሄጂ ሰሞን የተነሳሽው ፎቶ አለበት፣ ከሥሩ የአውራ ጣትሽ አሻራ። የነበራት ፎቶሽ ቤታችን ሲዘረፍ ስለጠፋባት እማማ «ይቺን እንኳ ተውልኝ» አለችኝ። አንድ ነገር ቢጎድል በርግጥም ሌባ ነው ይሉኛል አልኳት። ደጋግማ ሳመችውና በገዛ እጇ ወደ ማዳበሪያው መለሰችው።

ወንድምሽ ሙነወር
ሐይቅ፣ ጁምዓ ጥር 13 ቀን 2014 ዓ.ም.