የቤቱ ፊደልና የትምህርት ቤቱ ፊደል

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ያ ያዘኝ ያልሽው ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እዚያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከእንፋሎቱ ጋር ተባብሮ ያንገላታሻል? አብረውሽ የሚሠሩት ሴቶች ደህና ናቸው? ስታንኮራፋ ግድግዳ ታንቀጠቅጣለች ያልሽኝ የአልጋ ጎረቤትሽስ እንቅልፍ ሰጠችሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባ ዓይኔ ትንሽ ማመንታት ጀምሯል እንጂ እጄም እግሬም እንደ በፊቱ ነው። ልጅሽም በጣም ደህና ናት። ሁለት የፊት ጥርሶቿ በአንድ ሳምንት ወልቀው ስትስቅ በር ተከፍቶ የተረሳ ቤት መስላለች።

ይህ ደብዳቤ ከወትሮው ይረዝማል፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባለፈው "ትምህርቷ ትንሽ ወደ ኋላ ብሏል" ብዬ ጽፌልሽ ነበር። "ትንሽ" ያልኩት ውሸቴን ነው። ትምህርት ቤቱ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማንበብ ካልቻለች ከአንደኛ ክፍል ወደ መዋዕለ ሕፃናት እንመልሳታለን ብሎኝ ነበር። አንቺም በመልስሽ፣ ነገሩ ካልተቃና ውሌን ትቼ እመጣለሁ፣ ከተቃና ግን ሁለት ዓመት እጨምራለሁ፣ ለእሷ ግን አንዲት ቃል እንዳትነግራት ብለሽ ጻፍሽልኝ። እንግዲህ ፈተናው ባለፈው ሐሙስ ሆነ። የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ፤ አደራሽን መጨረሻውን ቀድመሽ አታንብቢ፣ ጠባይሽን አውቀዋለሁ።

በየዓርቡ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት ይወጣል። ከላይ "የሳምንቱ ሥራ" ይላል። ግማሹ በትምህርት ቤት የሚሠሩት ነው፤ ሰኞ ክብ ሠርተው ተቀምጠው በእረፍታቸው ያዩትን ይናገራሉ፣ ረቡዕ ግቢ ወጥተው ጥላቸውን በእርምጃ ይለካሉ፣ ጥጥ ላይ ያበቀሉት ባቄላ በየቀኑ ስንት ጣት እንዳደገ ይመዘግባሉ። ከመስመሩ በታች ያለው ደግሞ የቤት ነው፤ መቁጠርና መለየት፣ ከትልቅ ሰው ጋር ማንበብ፣ የዋሉበትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል መናገር፣ ሐሙስ ሐሙስ ሥዕል። ከሁሉም ግርጌ "የወላጅ ፊርማ" የሚል ባዶ ቦታ አለ። የመጀመሪያውን ዓርብ እዚያ ላይ ከመፈረሜ በፊት ሌላ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ ብልሽ ታምኛለሽ? የሙሽራ ልብስ ሲቆርጥ ያልፈራ እጅ!

መቁጠሩ ለእኛ ቤት ምን ይገዳል? ቁልፍ እንደ አሸዋ ነው። ባለ ሁለት ቀዳዳውን ለብቻ፣ ባለ አራቱን ለብቻ፣ ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ስትለይ ትውላለች። አንዱን ውጣ ሦስት ቀን ካስጨነቀችኝ ወዲህ ስሟን "ቁልፌ" ብያታለሁ፤ አትደንግጪ፣ በሰላም ወጥቷል። መለካት ያለ ሳምንት ደግሞ ሜትሬን አንስታ የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን ሆድ ዙሪያ ለካች። ከእሷ ቁመት ስለበለጠ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ስትናገር ሰነበተች። ሰውየው እስካሁን የእኔን ደጃፍ ሲያልፍ ሆዱን ሳብ ያደርጋል።

ጉድ ያፈላው ንባቡ ነው። ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ ሦስት ጊዜ "ከመቀሱና ከካውያው አርቅልኝ" ብለሽኝ የለ? እኔም አደራሽን ጠበቅሁ። የመቁረጫው ጠረጴዛ መሐል ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩና ከዚህ ወዲህ ዝር እንዳትዪ አልኳት። መቀሱ፣ ካውያው፣ መርፌው፣ የስፌት መኪናውና እኔ በዚህ በኩል፤ እሷ በዚያ በኩል። መጽሐፉን ከፊቴ ዘርግቼ አንድ ዓይኔን ስፌቱ ላይ፣ አንዱን ገጹ ላይ አድርጌ በጣቴ እየጠቆምኩ አነብላታለሁ። እሷም ከማዶ በክርኗ ተደግፋ ትከተለኛለች። በሁለት ወር ውስጥ ማንኛውንም ገጽ እንደ ውሃ ትጠጣው ጀመር። ደብተሯን ከተቀመጥኩበት ቀና ብዬ ሳየው ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ነው። "ጎበዝ የእኔ ቁልፍ" እልና እፈርማለሁ።

በዚህ መሐል፣ አምስተኛው ወር ላይ፣ ከመምህርቷ ወረቀት መጣ። ልጅቷ በክፍል ውስጥ አንድም ፊደል አትለይም፤ የቤት ሥራዋን የሚሠራላት ሰው እባክዎ ይተው ይላል። ዓይኔ ደም ለበሰ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ ልጅሽን እጇን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ፤ መምህርቷም ተጠርተው መጡ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝን ሁሉ ተናገርኩ። ይቺ ልጅ ቤት ታነባለች፣ እዚህ ግን እርስዎ አስፈራርተው ድዳ አድርገዋታል አልኳቸው መምህርቷን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። እሳቸው ግን ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው መጽሐፉን ፊታቸው ዘረጉና፣ ሳምንቱን ሙሉ የተማርነው ይህ ነው ብለው ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኖሩ።

ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ልጅሽ ከማዶ ሆና መስመሩን አነበበችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። እኔ አፌን ሞልቼ "አላልኳችሁም!" ልል ስል መምህርቷ በደግነት መጽሐፉን ወደ እሷ አዞሩላትና፣ በይ አሁን ደግሞ በደንብ እየታየሽ አንብቢልኝ አሏት። ዝም አለች። ከንፈሯ ተጣበቀ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ክው አልኩ። መምህርቷ ትንሽ አሰቡና መጽሐፉን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው መልሰው አዞሩት። ልጅሽ ካቆመችበት ቀጠለች።

ያኔ ወደ እኔ ዞረው፣ ቤት ስታነቡ የት ነው የምትቀመጠው አሉኝ። ከማዶ፣ ከፊት ለፊቴ ብዬ ስመልስ ነገሩ ገባኝ። ለካ ያቺን ልጅ ሙሉውን ፊደል ዘቅዝቄ አስተምሬያታለሁ! በ ለእሷ ሀ ነው፤ መስመር የሚጀምረው ከቀኝ ነው፤ ገጽ የሚያልቀው ላይ ነው። ደብተሯም ለእኔ ቀጥ ብሎ የታየኝ ከእኔ በኩል ቀጥ እንዲል አድርጋ ስለምትጽፈው ነው። ለእኔ ዓይን ነበር የምትጽፈው እታለም። እኔም አንድ ቀን እንኳ፣ ከማዶ የሚጻፍ ጽሑፍ እንዴት ለእኔ ቀና ይላል ብዬ አልጠየቅሁም። ሱሪ በአንድ ዓይን ለክቼ የምሰፋ ሰውዬ!

ርዕሰ መምህሩ አፋቸውን በፋይል ሸፈኑ። መምህርቷ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ተንበርክከው፣ ለምን አልነገርሽኝም ብለው ጠየቋት። "እኔ የቤቱን ነው የማውቀው ቲቸር፤ የትምህርት ቤቱ ፊደል ሌላ ነው" አለቻቸው። በመጀመሪያው ሳምንት መጽሐፉን እንደ ልማዷ ስትዘቀዝቀው ልጆቹ ስቀውባት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ እንደ ሰው ይዛ ዝም ነው። አምስት ወር ሙሉ ሁሉም ልጅ የሚያውቀው፣ እሷ ብቻ የማታውቀው ሌላ ፊደል አለ ብላ ስታምን ከረመች። ይህን ስንሰማ ሳቁም ጠፋ።

የመምህርቷን ውለታ በምን ቃል ልንገርሽ? ሌላ ሰው ቢሆን የተናገርኩትን ይቆጥርብኝ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓርቡ ወረቀት ግርጌ ለእኔ ለብቻዬ በቀይ እስክሪብቶ የሳምንት ሥራ ይጽፉልኝ ጀመር። የመጀመሪያው "ከጎኗ ይቀመጡ" ይላል። ሁለተኛው "ስትሳሳት ዝም ብለው ይስሙ፤ እስከ አሥር ይቁጠሩ"። ሦስተኛው "ዛሬ እርስዎ ያንብቡ፣ እሷ ታርምዎት"። እኔም በዚህ ዕድሜዬ አንደኛ ክፍል ገባሁልሽ። ካውያውን መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩ፣ መቀሱን ከምስማር ላይ አንጠለጠልኩ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበር አሠራሁ። ትምህርት ቤትም መምህርቷ ከአጠገባቸው አስቀመጧት፤ ሰኞ ሰኞ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ፊደል የተጻፈበት ካርቶን ልጆቹ ሁሉ እያዞሩ እንዲያዩት አደረጉ፤ የሳቁባት ልጆች ራሳቸው ዘቅዝቆ ማንበብ አቃታቸውና "እንዴት ነው የምትችዪው?" እያሉ ይከቧት ጀመር።

ቢሆንም ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ አካባቢ አንገቷ ሳታውቀው ይጣመም ነበር፤ በ ስላት ሀ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን መጽሐፉን ገፍታ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። እኔም ሥር እገባና እዚያው እናነባለን። በሁለት ወር አንድ መስመር፣ በሦስት ወር አንድ ገጽ ሆነ። ብታይ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ትከሻዋ ክንዴን ሲነካኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በመስመር ማዶ ማስቀመጤ ይቆጨኛል። የሚነድ ካውያ ፈርቼ የሚሞቅ ልጅ አራቅሁ።

ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በዚህ መሐል ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ የሥዕል ቀን ስለሆነ ሰፋ ብላ እንድትስል በማዶው በኩል ተቀምጣለች። ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በልቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደልሽ እንደሆነ የሱቅ ማስታወቂያ የሚያህል ነው። አጥፌ ኪሴ ከተትኩና፣ እናትሽ ሰላም ብላሻለች አልኳት። እሺ ብላ ቀለሟን ቀጠለች። አንዱን ቦታ ብቻ ደጋግማ ስትቀባ ወረቀቱ ተቀደደ። እኔ ምን አስተውዬ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

የፈተናው ዕለት እኛ ወላጆች በረንዳው ላይ ተሰልፈን በመስኮት እናያለን። እሷ ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን ቀና አድርገው ሰጧት። ዝም አለች። ገጹን አየች፣ ቀና ብላ በመስኮቱ እኔን አየች፣ መልሳ ገጹን አየች። በእኔ ቤት ያ ዝምታ አንድ ሙሉ ኮት ይሰፋበታል። እስከ አሥር ቆጠርኩ፣ እንደታዘዝኩት። ከዚያ አነበበች። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሳትቆም፣ በወለቁት ጥርሶቿ መሐል እያፏጨች። ርዕሰ መምህሩ ተነስተው እንደ ትልቅ ሰው ጨበጧት። ልጅሽ ወደ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች እታለም። እንኳን ደስ ያለሽ! መምህርቷ ሲወጡ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብል ክንዴን ይዘው አስቀሩኝ። ዕድሜ ይስጣቸው፤ ከአንጀቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደ ቤት ስንመለስ ጣቴን ይዛ ትንሽ ሄደችና፣ "አጎቴ፣ ዝም ብል ኖሮ እማዬ ትመጣ ነበር አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። መንገዱ መሐል ቆምኩ። ማን ነገረሽ ብላት፣ ያን ቀን ደብዳቤውን እኔ ከወዲህ ሳነብ እሷም ከወዲያ እንዳነበበችው ነገረችኝ። ሁሉንም። ያንን በሆዷ ይዛ ከእኔ ጋር በየቀኑ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስታጠና ከረመች። ታዲያ ለምን ዝም አላልሽም አልኳት፤ እንዲህ ብሎ መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን አመለጠኝ። "ልል ነበር፤ ግን አንዴ ካየሁት ከአፌ ይወጣል" አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔም ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ማወቋን ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር፤ እንዳትከፊ ብላ ነው። አንቺ ከእሷ ደብቅ አልሽኝ፣ እሷ ከአንቺ ደብቅ አለችኝ፤ እናትና ልጅ ተስማምታችሁ እኔን ካዝና አደረጋችሁኝ። ዛሬ ጠዋት፣ አልችልም፣ ልጻፍላት ብዬ ለመንኳት። ብዙ አሰበችና "እሺ፣ ግን እኔ እያየሁ ጻፍ" አለችኝ።

እህቴ፣ የሁለት ዓመቱን ውል ፈርሚ ወይም አትፈርሚ አልልሽም። እኔን እጄን ይዘሽ ትምህርት ቤት ያደረስሽኝ፣ ሙያ እንድማር ያንቺን ትምህርት ያቋረጥሽ አንቺ ነሽ፤ እዚያም ያለሽው ለእኛ ብለሽ እንደሆነ ሳላመሰግን ውዬ አላድርም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ የወሰንሽውን ለእሷ ጻፊላት። ስሟን ከላይ አድርገሽ፣ ለእሷ።

አብረውሽ ለሚሠሩት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለአንኮራፊዋ ጓደኛሽ በተለይ፣ ስትታመሚ ሾርባ ስላጠጣችሽ ውለታዋን አልረሳም በይልኝ። ለኃላፊሽም፣ ለምግብ አብሳይዋ እናትም ሰላም በይልኝ። ከዚህ ደግሞ የቤት አከራያችን እትዬ፣ ሆዱን የሳበው ፀጉር አስተካካይና መምህርቷ በጣም ሰላም ብለውሻል።

ልጅሽ ከማዶ በክርኗ ተደግፋ እያንዳንዱን መስመር ስትከተለኝ ቆይታለች። በእጄ አልከለልኩባትም። ቅድም፣ ሁለት ዓመት ስንት ዓርብ ነው ብላ ጠይቃኝ አላውቀውም ብዬ ዋሽቻት ነበር። መቶ አራት ነው። አሁን አነበበችው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ሰኔ 24 ቀን