የሦስተኛ ፎቅ ሰዓት

ሰኞ፣ ጥር 4
የሠራኋት ሰዓት ዛሬ ቆጠረች። ልክ 8፡20 ላይ ፕሮግራሙን ጫንኩ፤ ትንሿ ስክሪን ላይ ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ወጡ። ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ናት። እዚያ ስልክ አይገባም፤ ነርሶቹ መድኃኒት የሚሰጡት የግድግዳ ሰዓት እያዩ ነው፤ የድሮው ደግሞ ቆሟል።
አንድ ነገር ይቀረኛል። ሰዓት የምሞላበትን የኮድ መስመር ከፕሮግራሙ አላወጣሁም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጀምርና ተመልሳ 8፡20 ትላለች። ለጋሼ፣ ለጥገና ኃላፊያችን፣ ነገርኳቸው። "ነገ ትጨርሺዋለሽ" አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5
ጠረጴዛዬ ባዶ... ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሰዓቷ ተሰቅላለች። የሆስፒታላችን ዳይሬክተር የጋሼን እጅ ጨብጠዋል።
"እርስዎ ነዎት የሠሯት?"
"እንግዲህ... እጅ ሥራ ሲፈታ ምን ይደረጋል" አሉ፣ እየሳቁ።
በር ላይ ቆሜ ጋሼ አይተውኛል።
ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው። "መስመሩ አልወጣም እኮ። ያውርዷት።"
"አንቺ ልጅ፣ ቅናት ጀመረሽ?"
ማታ እማዬ፦ "በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።" አፌን ዘግቼ አይደል ሰውየው ሥራዬ ውስጥ የገባው?

ሐሙስ፣ ጥር 7
ትናንት መብራት ጠፍቶ 9፡50 ላይ መጣ። ሰዓቷ 8፡20 አለች። የአንድ ሽማግሌ መድኃኒት አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ነርሷ ሰዓቷን አምና አሥር እስክትል ጠበቀች... አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ሐኪም በሩጫ ደረሰ። ተርፈዋል።
ለነርሶቹ ለምን አልነገርኳቸውም? ማክሰኞ ተናድጄ ወረድኩ። በቃ፣ ተናድጄ።

አርብ፣ ጥር 8
ደብዳቤ ለዳይሬክተሯ፣ ግልባጩ ለእኔ። በእሱ፣ በጋሼ ፊርማ። (አንቱታው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።) "ሰዓቷን የነደፈችውም፣ የሠራችውም፣ ፕሮግራሙን የጻፈችውም እሷ ብቻ ስለሆነች ተጠያቂ ናት።"
ሦስቴ አነበብኩት። ማክሰኞ የእሱ፣ አርብ የእኔ? ይሄ ሰው ፊቱን በምን ይታጠባል?

ሰኞ፣ ጥር 11
ስብሰባ። "የምትይው አለ?" አሉ ዳይሬክተሯ።
"ደብዳቤው እውነት ነው። የሠራኋት እኔ ነኝ። ለነርሶቹ ያልነገርኩትም እኔ። እንዳልተጨረሰች እያወቀ የሰቀላት እሱ ነው።"
ዳይሬክተሯ ወደ እሱ ዞሩ። "ታዲያ ማክሰኞ የጨበጥኩት የማንን እጅ ነው?"
ወረቀቱን አገላበጠ... ፊርማው የትም አልሄደለትም።
ለእኔ ማስጠንቀቂያ። ለእሱ ከሥራ እገዳ። የእኔን ሳልከራከር ፈረምኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 13
መስመሩን አውጥቼ፣ ሰዓቷ ላይ ባትሪ ጨምሬ፣ ነርሷ እያየች አሥር ጊዜ ነቅዬ ሰካሁ። አልተዛነፈችም። "አሥራ አንደኛ" አለችኝ። ደገምኩ።
ከዚያ ሽማግሌው አልጋ አጠገብ ሄድኩ።
"የሰዓቷ ባለቤት አንቺ ነሽ?"
"እኔ ነኝ አባባ። ጥፋቱም የእኔ ነው።"
ስድብ ጠበቅኩ።
"መድኃኒቴ ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል" አሉ። "ወንበር ሳቢና አብረሽኝ ጠብቂ።"
ወንበሩን ሳብኩ።