ወንድሜ የሳላት የመንገድ ጥግ

ኅዳር 4
ለሰው የሚነገር አይደለም፤ እዚህ ግን ልተንፍሰው። ዛሬ ከሥራ ስወጣ የማላውቀውን ሰው ቤት ደረጃ ከሥዕል ጋር ሳስተያይ ተያዝኩ። ሥዕሉን አቅፌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ… ዘበኛው ከኋላዬ፣ "እትዬ፣ ቤቱን ሊገዙት ነው ወይስ ሊሰርቁት?" በጋዜጣ ዓምዴ ስንቱን አፍ የማስይዝ ሴት፣ የተሻለ ጠፍቶኝ፣ "ደረጃ እየቆጠርኩ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ።
አምስት ደረጃ። የሥዕሉ ሰባት ነው። አይደለም።

ኅዳር 7
ሥዕሉ ከመጣ ሦስት ሳምንት። ታላቅ ወንድሜ በተቀበረ በአሥረኛው ቀን ልጁ በሰው ላከችልኝ። ደብዳቤ የለው፣ ሰላምታ የለው። ከጀርባው በእርሳስ፣ በሱ ጽሑፍ፣ "ለእህቴ" ይላል። በቃ። የመንገድ ጥግ ነው፤ በግራ ደረጃው፣ በቀኝ የተንጋደደ የመብራት ምሰሶ፣ መሃል ላይ ጥቁር ኮት የለበሰች ሴት። ፊቷን ጃንጥላ ጋርዶታል።
ስድስት ዓመት አላናገረኝም። ጥፋቱ የኔ ነው። "አንድ በር ሲስል ዓመት የሚፈጅ ሠዓሊ አውቃለሁ፤ ሚስቱ በዚያው በር ጥላው ስትወጣ አላያትም" ብዬ ዓምዴ ላይ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም። ግን የሚያውቀን ሁሉ አወቀ። ሚስቱ በእውነት ሄዳ ነበር…
"አሳቅሻቸው፣ እህቴ። ደግ አደረግሽ።" በስልክ። የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው።
ታዲያ ሥዕሉ ምንድን ነው? ይቅርታ? ወይስ ስድብ? ያየውን እንጂ ያላየውን አይስልም። ቦታውን ባገኘው ይገባኝ ይሆናል…

ኅዳር 9
አራት ጥግ ዞርኩ። አንዱም አይደለም። እግሬ አብጧል።

ኅዳር 12
የኮቴ ገበር ተቀድዶ ልብስ ሰፊው ጋ ገባሁ። ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ መነጽሩን አወረደ።
"ማነው የሳለው?"
"ወንድሜ።"
"ስፌት አያውቅም። ኮቱ የሴት፣ አቆላለፉ የወንድ። የሴት ኮት ቀኙ ነው ከላይ የሚውለው።"
"ወንድሜ አይሳሳትም!" አንዲት ቁልፍ ሲስል ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰው!
"አትቆጪ፣ ልጄ። እንግዲያው በመስታወት አይቶ ነው።" አንስቶ የልብስ መለኪያው መስታወት ፊት ያዘው።
ደረጃው ወደ ቀኝ መጣ። ምሰሶው ወደ ግራ።
የቢሮአችን ጥግ ነው። ሃያ ዓመት ያለፍኩበት።

ኅዳር 13
ከጥጉ ፊት ለፊት የወንዶች ፀጉር ቤት አለ። ገብቼ አላውቅም። ወንበሮቹ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተዋል፤ መንገዱ በሙሉ መስታወቱ ውስጥ ነው።
ፀጉር አስተካካዩ ሥዕሉን ሲያይ መቀሱን አስቀመጠ።
"የጋሼ ነው! ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣ ነበር። ምን ፀጉር ኖሮት! እንዲሁ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ ይጭራል።" ኮቴን አየ። ፊቴን አየ። "እህትየው አንቺ ነሽ?"
ማክሰኞ ጽሑፌን የማስረክብበት ቀን ነው።
"'ወጥተህ ሰላም በላት' እለው ነበር። 'ዞር ብላ ካየችኝ እወጣለሁ' ይላል። ስታልፊ ግማሽ ይነሳል… ከዚያ መልሶ ይቀመጣል።"
"አንድም ቀን አልዞርኩም?"
"ትቸኩያለሽ እኮ፣ እህቴ።"
ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ፂሙ የተላጨ ደንበኛ አጠገቤ በትዕግሥት ጠበቀ። በሰውየው ፎጣ አለቀስኩ።
ቂም አልያዘብኝም ነበር። እየጠበቀኝ ነበር። ይሄኛው ይብሳል።

ኅዳር 15
ወሬው አዘጋጃችን ጆሮ ደርሷል።
"እህት ዓለም፣ ይሄ እኮ አንባቢ ያስለቅሳል! ሁለት ገጽ ልስጥሽ?"
"አልጽፈውም።"
"ስም ሳትጠሪ…"
"ስም ሳልጠራ ነው ያጣሁት።"
የዓምዴን ቦታ በማስታወቂያ ሙላው ብዬው ወጣሁ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።
ነገ የወንድሜ ልጅ ጋ እሄዳለሁ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ እጄን ስዘረጋላት ያለፈችኝ ልጅ። አባቷን ይቅርታ ለመጠየቅ ዘገየሁ፤ እሷን ግን… አጥፍቻለሁ እላታለሁ። ቀልድ አልጨምርበትም። በሩን ብትከፍትልኝም፣ ፊቴ ላይ ብትዘጋውም፣ ማታውኑ እዚህ እጽፈዋለሁ። እዚህ ብቻ።