የዘርፌ አውራ ጣት

ጥቅምት 9 ቀን 1974
ዛሬ ከጤና ጣቢያ ወጥቼ አምስት ቤት በሽተኛ ስጠይቅ ዞርኩ። ሁለት አራሶች፣ አንድ ሳል፣ አንድ በሩን የዘጋ። መጨረሻ ላምበረት፣ የሺመቤት ቤት።

ልጇ ዘርፌ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሚያዝያ ላይ መኪና ገጭቷት ጭንቅላቷ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ አትናገር፣ አትነሳ። አባቷ ሰሜን ዘምቷል። እናትየው ብቻዋን በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣታለች፣ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣታለች። ገላዋን አየሁት፣ አንድ የመኝታ ቁስል የለም። ሆስፒታል ዋርድ ስሠራ አራት ነርስ ሆነን ያቃተንን ነገር...

«ትሰማለች» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። አላመንኩም። ምን ልበላት?

ጥቅምት 23
አለቃችን አቶ መኩሪያ፣ «ለውጥ የሌለበትን ቤት ኅዳር መጨረሻ አቁሚ፤ ሌላ በሽተኛ ይጠብቃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጤና ጣቢያው ያለን ሁለት ነርሶች ነን። ግን የሺመቤትን ማን ያያታል?

ኅዳር 7
ስደርስ የሺመቤት የመሠረተ ትምህርት መጽሐፏን ታጠናለች። ፈተናው ታኅሣሥ ነው፤ ልጇን ጥላ ክፍል መግባት አልቻለችም። በአንድ እጇ መጽሐፉ፣ በሌላው የዘርፌ እጅ። «ጨ»ን «ጠ» ብላ አነበበች... ቆም አለችና አስተካከለች።

«ማን ነገረሽ?»

«እሷ ናት። ደህና እያለች እሷ ነበረች የምታስጠናኝ። ስሳሳት እጄን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርገዋለች። አሁንም አልማረችኝም።»

ጡንቻ ነው፣ ዝም ብሎ ይኮማተራል አልኩ በልቤ። አዋቂ ነኝ እኮ።

ኅዳር 14
የዘርፌን እጅ ራሴ ያዝኩ። የሺመቤት አነበበች። ሰባቴ ተሳሳተች፣ አምስቴ ዘርፌ እጄን ጫን አደረገች። በትክክሉ ላይ አንዴም።

ስንት ቀን አልጋዋ አጠገብ ቆሜ «ምንም አታውቅም» ብያለሁ? አፈርኩ። ፊደል ያልጨረሰች ሴት እኛ የተማርነው ያላየነውን አየች። እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ኅዳር 28
ለአቶ መኩሪያ ነገርኳቸው። «የእናት ምኞት ነው» አሉ። አይተው ቢሆን... ቤቱ ከዝርዝሩ ወጣ።

ኅዳር 30
ልሰናበት ሄድኩ። የሺመቤት አላለቀሰችም።

«አንቺ ምን ታደርጊ። ብቻ ለእሷም ንገሪያት፣ ትጠብቅሻለች።»

ለእሷ? እስከ ዛሬ ለራሷ አንድ ቃል ተናግሬያት አላውቅም። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ።

«ዘርፌ፣ ከዛሬ ወዲያ አልመጣም።»

ጫን አደረገችው። ጠንከር አድርጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት የራሴ ነው፣ ማንም አያዝዝበትም።

«እሺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት።

እጇን እንደያዝኩ ጠበቅሁ። አውራ ጣቷ ዝም አለ።